የኤልያብ ነጠላ ጫማ

ኤልያብ ሞቶ የተገኘው፣ ሰው ሁሉ «አንድ ቀን ይገድልሃል» ይለው በነበረው ኮምፒውተር ፊት ነው። እንዲህ ያለ ሞት ለጎረቤት ይመቻል፤ ማዘንና «ብዬው ነበር» ማለት በአንድ ትንፋሽ ይቻላል። በዚያ ዓርብ ጠዋት የካርቱም ሰፈር በሆነችው ሳጃና ውስጥ ነገሩን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው አልተገኘም።

አስከሬኑ ከጠረጴዛው አጠገብ በጀርባው ተዘርግቷል። የኮምፒውተሩ ጎን ተከፍቷል። ከግራፊክስ ካርዱ የተነቀለው ጥቁር የኃይል ገመድ በሟቹ ቀኝ እጅ ውስጥ ነው። ስክሪኑ እንደበራ በእንግሊዝኛ አንድ ማስጠንቀቂያ ይዞ ቆሟል፦ የግራፊክስ ካርዱ የኃይል ገመድ አልተገናኘም፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ገመዱን ያገናኙ።

ከፖሊስ ጣቢያ የመጣው ሙላዚም፣ መቶ አለቃው፣ ጽሑፉን አስተርጉሞ ሰማና ራሱን ነቀነቀ። ከሱዳን አብዮት ወዲህ እንዲህ ግልጽ የሆነ መግለጫ ደርሶት አያውቅም። ማሽኑ ስለ ኃይል አስጠንቅቋል፣ ሰውየው ገመዱን ነክቷል፣ ሰውየው ሞቷል። የቀረው ማሽኑን ከልኩ በላይ ያስሮጠው ማን እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነበር። እሱንም የተሰበሰበው ጎረቤት በሙሉ በአንድ ጣት ጠቆመው፤ መሲን።

መሲ ካርቱም ተወልዳ ካርቱም የተማረች የኮምፒውተር መሐንዲስ ናት። ሥራ የሰጣት መሥሪያ ቤት ስለሌለ የሳጃናን ኮምፒውተሮች ትጠግናለች። ሙላዚሙ ክንዷን ሲይዛት አላለቀሰችም። «አሥራ ሁለት ቮልት ነው» ብቻ ነው ያለችው፣ ደጋግማ፣ በአረብኛ።

ወይዘሮ ሸዋአለም የተጠሩት ያን ጊዜ ነው።

ወይዘሮ ሸዋአለም አገር ቤት ሳሉ የወንጀል መርማሪ ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ መርማሪዋ ተመርማሪ ሊሆኑ ሲሉ መተማን ተሻገሩ። አሁን ቬሎ ያከራያሉ። ሰርግና ወንጀል ብዙም አይራራቁም ይላሉ፤ በሁለቱም ሰው ለብሶ ይመጣል፣ በሁለቱም አንድ የሚደበቅ ነገር አለ። ሙላዚሙ ያውቃቸዋል፤ ለእህቱ ሰርግ ቬሎውን በቅናሽ ሰጥተውታል።

«ዋስ ሆኜ ልውሰዳት» አሉት በአረብኛቸው። «አስር ሰላት፣ የከሰዓት በኋላው ጸሎት፣ ሳይደርስ እመልስልሃለሁ።»

«እሷን ወይስ ሌላ ሰው?»

«ከሁለት አንዱን።»

ሙላዚሙ ሳቀ። «ኢንሻላህ። አስር ላይ ሰው ካላገኘሁ ግን ልጅቷ ኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት ነው የምታድረው። እርስዎም ዋሷ ነዎትና ሻንጣ ያዘጋጁ።»

አስከሬኑን ሊያነሱ ሲሉ ወይዘሮ ሸዋአለም ትንሽ አስቆሟቸው። ሰው ሁሉ የሟቹን ፊት አይቶ አልቅሷል፤ እሳቸው መዳፉንና እግሩን አዩ። ቃጠሎው በግራ መዳፉ ላይ ነው። ገመዱን የጨበጠው ቀኝ እጁ ግን ምንም አልነካውም። የግራ ውስጥ እግሩ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ፤ ጭቃው ላይ አንዲት የናና ቅጠል ተለጥፋለች። የቀኝ ውስጥ እግሩ ንጹሕ ነው። ነጠላ ጫማዎቹ በሩ ሥር እንደ መስጊድ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ገልብጠው አዩአቸው። የቀኙ ሥር ጭቃ ነው፤ የግራው ደረቅ አቧራ።

«ኤልያብ ጫማውን እንዲህ አስተካክሎ ያስቀምጥ ነበር?» ሲሉ መሲን ጠየቋት።

«ኤልያብ? አንዱን ፈልጎ ሳያገኝ ግማሽ ቀን የሚውል ሰው ነው።»

ኤልያብ የሞተበት የቪዲዮ ስቱዲዮ የእሱና በለጠ የሚባለው ባልደረባው ነው። በአብዮቱ ጊዜ ሰልፍ ይቀርጹ ነበር፤ ሽግግሩ ሲመጣ ሰዉ ከመሰለፍ ወደ ማግባት ስለዞረ እነሱም አብረው ዞሩ። በለጠ ይቀርጻል፣ ኤልያብ ያቀናብራል። ሙሽራዋ ከጽጌረዳ ውስጥ ካልወጣች፣ ሙሽራውም በዓባይ ላይ ካልበረረ የሚከፍል ቤተሰብ ስለሌለ ኮምፒውተሩ ብርቱ መሆን ነበረበት።

ሁለቱ ሴቶች ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉ ወይዘሮ ሸዋአለም። «ቬሎ ልትከራይ እንደመጣች ሙሽራ ምንም እንደማላውቅ አድርገሽ።»

መሲ እጇን እያፍተለተለች ጀመረች። «ካርዱ ፋብሪካው ባወጣለት ልክ ሲሠራ አንድ ሰርግ ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል። ኤልያብ ቸኮለ። ፍጥነቱንም የሚወስደውን ኃይልም ከፍ አደረግኩለት። መጀመሪያ ደህና ሮጠ። ከዚያ ካርዱ ላይ፣ ገመዱ የሚሰካበት ጋ፣ አንዲት ቀይ መብራት አለች፤ እሷ ትበራ ጀመር። ኃይል አነሰኝ ማለቷ ነው። ቪዲዮው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ድርግም።»

«አንቺስ?»

«መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ። ልኩን ዝቅ አደረግኩ፤ መብራቷ አልተወችም። ጨርሶ ወደ ፋብሪካው ልክ መለስኩት፤ አሁንም። ካርዱን የሰካነው ባለ ሁለት አፍ በሆነ አንድ ገመድ ነበር፤ ሁለት የተለያዩ ገመዶች ሰጠሁት። ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩ። ወላ ሃጃ፣ ምንም። በመጨረሻ ማሽኑን ተውኩና ቴስተሬን ግድግዳው ሶኬት ላይ አደረግኩ። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይመለሳል፤ ይወርዳል፣ ይመለሳል። እትዬ፣ አንድ ትልቅ ነገር በእኛ መስመር ላይ እየተነሳ እየተኛ ነበር። ከእኛ ጋር የሚጠጣ ሰው አለ።»

«ለኤልያብ ነገርሽው?»

«ትናንት ደወልኩለት። ‹በሽታው ከማሽኑ አይደለም፣ ከግድግዳው ነው። ሽቦውን ተከተል፤ ብሬከሩን ሳታጠፋ ግን እንዳትነካ› አልኩት።» እንባዋ ወረደ። «እኔ ነኝ የላክሁት።»

ወይዘሮ ሸዋአለም እንባዋ እስኪያበቃ ጠበቁ። ማባበል ምስክርነት ያበላሻል ብለው ያምናሉ።

«ስክሪኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ገመዱ ሳይሰካ ማሽኑን ሲያስነሱት፤ ካርዱ ከማዘርቦርዱ በሚያገኛት ትንሽ ኃይል ያንን ብቻ ይጽፋል።»

«እየሠራ ሳለ ገመዱ ቢነቀልስ?»

«ስክሪኑ ይጨልማል። የሚጽፍለት ካርድ የለማ።» መሲ ቀና አለች። የተናገረችውን ራሷ አሁን የሰማችው ይመስል ነበር።

«መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ ተነስቶ እንደሆነስ?»

«ያንን ዘግቼዋለሁ። በዚህ አገር ካህረባ፣ በዚህ ኤሌክትሪክ፣ ራሱ የሚነሳ ማሽን ዕድሜ የለውም። ጣት ካልተጫነው አይነሳም።»

«የማን ጣት?» አሉ ወይዘሮ ሸዋአለም፣ ለራሳቸው ያህል፤ ተነሡም።

ከስቱዲዮው ግድግዳ በስተጀርባ በውሃ የሚሠራው የአየር ማቀዝቀዣ፣ ሰዉ ሙከይፍ የሚለው ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን፣ ቀን ከሌት ይንጠባጠባል። ከሥሩ ሉጥፊያ ናና ተክላለች። ሉጥፊያ የወሎ ልጅ ናት፤ ሳምንቱን አል-ጣኢፍ የሚባል የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ ሰንብታ ለዓርብ እረፍቷ እዚህ ግቢ ወዳለችው ክፍሏ ትመጣለች። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት። አሁን የተረጋገጠ ናናዋን እያየች ቆማለች።

«ማን እንደረገጠብኝ ባወቅሁ» አለች። «ሰው በሞተበት ቀን ስለ ናና መናገር ነውር ነው፤ ግን እዩት እስቲ፣ እትዬ። ልክ አህያ የተንከባለለበት ነው የሚመስል።»

ወይዘሮ ሸዋአለም ናናውን ሳይሆን ከላዩ ያለውን አዩ። የማቀዝቀዣው ሶኬት ላይ አዲስ የተቀደደ ጥቁር ፕላስተር ተንጠልጥሏል። ከሶኬቱ እስከ አጥሩ አናት ድረስ ግድግዳው ላይ ቀጭን ንጹሕ መስመር አለ፤ አቧራ ለብሶ የኖረ ነገር ሲነሳ የሚተወው ዓይነት።

«ብሬከሩ የት ነው ያለው?»

«ያ በሩ ጋ፤ ሣጥኑ። ለግቢው በሙሉ አንድ ነው።» ሉጥፊያ ሣጥኑ ላይ ያለውን ምስማር አሳየቻቸው። «ይቺን ያዩአታል? ሕግ አለን። ካህረባ የሚነካ ሰው ብሬከሩን ያጠፋና አንድ እግር ጫማውን እዚህ ይሰቅላል። ጫማ ተሰቅሎ ያየ አያበራም። ዛኪር የሚባል ተከራይ በአንድ ወቅት ሊሞትብን ሲል ነው ያወጣነው፤ እሱ ከወጣ ወዲህ እኔ፣ ኤልያብና በለጠ ብቻ ነን እዚህ ያለነው።»

«ኤልያብም ያከብራል?»

«ይሰቅላል፣ ይሰቅላል። ማውረዱን ነው የሚረሳ። ስንቴ ሥራውን ጨርሶ፣ ራሱ መልሶ አብርቶ፣ ጫማው እዚያው ተንጠልጥሎ በአንድ እግሩ ሱቅ ሄዷል። እንስቅበታለን።» ቆመች። «እንስቅበት ነበር።»

«ይህን ሕግ ከግቢው ውጪ የሚያውቀው ሰው አለ?»

«ማን ብሎ። ሰው ያየው እንደሆነ ለቡዳ መከላከያ ነው የሚመስለው።»

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት፣ ቤታቸው ከመሰብሰቢያ አዳራሹ ጋር የተጣበቀው፣ አቶ ፍስሐ ናቸው፤ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀ መንበር። ከበራቸው በላይ «ግልጽነትና ተጠያቂነት» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ከበሩ ሥር ደግሞ ውሃ እየወጣ መንገዱን ያረጥባል። አቶ ፍስሐ ለዓርብም ክራቫት አስረው ተቀበሏቸው።

«አሳዛኝ ነው፣ ወይዘሮ ሸዋአለም። ልጅቷ የእኛው ናት፤ ነገር ግን የሕግ የበላይነት በሚገነባበት በዚህ የሽግግር ወቅት...»

«ፍሪጅዎ እየቀለጠ ነው።»

«ተበላሽቶ ነው። ዛሬ ጠዋት።»

«መብራት ግን አለ።»

«መብራትማ ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ መጥቷል። ከስንት ጊዜ በኋላ፤ ሰፈሩ እልል ነው ያለው።»

«እነ ኤልያብ ግቢስ?»

አቶ ፍስሐ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «እነሱ ጋ ጨለማ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ። ከዚያ በራ።»

«እንዴት አወቁ?»

«በአጥሩ... ይታያል።»

«ወይስ ፍሪጅዎ አብሮ ጠፍቶ አብሮ ስለተነሳ ነው?»

ሊቀ መንበሩ ስለ ግልጽነት ብዙ ንግግር አድርገዋል፤ ያን ጊዜ ግን ክራቫታቸውን እንደገና ማስተካከል ያዙ።

በለጠ ከስቱዲዮው ደጃፍ ተቀምጦ የካሜራ ቦርሳውን እንደ ልጅ አቅፎ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። ወይዘሮ ሸዋአለም አጠገቡ ተቀመጡ።

«ትናንት እንዴት ዋልክ?»

«በሥራ ነዋ፣ እትዬ። ቀትር ላይ እዚህ ሳጃና ሰርግ ነበር። ኬኩ ሲቆረስ ባትሪዎቼ በሙሉ ሞተው አፈርኩ። ሰፈሩ መብራት ስላልነበረው የትም መሙላት አልቻልኩም።»

«ከዚያስ?»

«መግሪብ ላይ መብራት ሲመጣ እዚህ ነበርኩ። ኤልያብ ማሽኑን አስነሳ። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ‹ተው› አልኩት። ‹ትንሽ ከፍ ላድርገው› አለኝ። ትቼው ማዮ ሰፈር ለማታው ሰርግ ሄድኩ።»

«ወዲያው?»

«ሳልቀመጥ። ሙሽራ አይጠብቅም።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ብቆይ ኖሮ።»

ወይዘሮ ሸዋአለም ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወደ ሱቃቸው ሄዱ። እዚያ የማዮዋ ሙሽራ እህት ቬሎውን ልትመልስ ቆማ ነበር። ጫፉ ጭቃ በጭቃ ነው።

«ምን አድርጋችሁት ነው?»

«የማዮን መንገድ ያውቁታል፣ እትዬ። ይልቅ ካሜራ ማኑን ይቆጡልን። ከመግሪብ ጀምሮ ሙሽሪት በር ላይ አስቁመን ጠብቀነው ከዒሻ፣ ከማታው ሰላት፣ በኋላ ነው የመጣው። ከመጣ በኋላ ግን ምን ይወጣለታል፤ መብራት እንደሌለን ስለሚያውቅ የካሜራውን መብራት አብርቶ ሙሉ ጭፈራውን ቀረጸልን። አንዴም አላረፈም።»

ወይዘሮ ሸዋአለም ቬሎውን ተቀበሉ። ከዚያ ጭቃ ቢሆንም እንኳ የማጠቢያ ሳያስከፍሉ አጣጥፈው አስቀመጡት። እህትየዋ በዚህ እስከ ዛሬ ትገረማለች።

አስር ሊደርስ ሲል ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሙላዚሙ ወንበር ተሰጥቶት ሻይ ይዟል። ሉጥፊያ ታስተረጉምለታለች፤ ረጅም የመሰላትን ታሳጥራለች። አቶ ፍስሐ ቆመዋል። በለጠ ቦርሳውን አልለቀቀም። መሲ የምትወደውን ሰው እንደ ገደለች ከጠዋት ጀምሮ ስለተነገራት አሁን መሬት መሬት ታያለች።

«ማሽኑ ማንንም አልገደለም» ሲሉ ጀመሩ ወይዘሮ ሸዋአለም። «ያ ገመድ የሚይዘው የመኪና ባትሪ ያህል ነው። ኤልያብ የተቃጠለው በግራ መዳፉ ነው፤ ገመዱ የተገኘው በቀኙ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ ደግሞ የሚመጣው ገመዱ ተነቅሎ እያለ ሰው ማሽኑን ሲያስነሳ ነው። ስለዚህ ገመዱ አስቀድሞ ተነቀለ፣ ሟቹ እጅ ውስጥ ተደረገ፣ ከዚያ አንድ ሰው ቁልፉን ተጫነ። ያ ሰው መሲ አይደለችም። መሲ ልታስመስል ብትፈልግ ስክሪኑን ጨለማ ታደርገው ነበር።»

«ሙምኪን፣ ይሆናል» አለ ሙላዚሙ። «የት ሞተ ታዲያ?»

«ናናው ውስጥ።» ወደ ማቀዝቀዣው ጠቆሙ። «መሲ ‹ሽቦውን ተከተል› ብላው ተከተለ። ከሶኬቱ ተሰርቆ በአጥሩ የሚሻገር ሽቦ አገኘ። የአቶ ፍስሐ ፍሪጅ ሲነሳ የካርዱ ቀይ መብራት ትበራ ነበር። ዛሬ ፖሊስ ሳይደርስ ሽቦው ተስቦ ወጣ፤ ፍሪጁ ግን አሁንም እያለቀሰ ነው።»

ሁሉም ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ። አቶ ፍስሐ «ጊዜያዊ መፍትሔ ነበር» አሉ በቀስታ።

«ያላ፣ እንሂድ» አለ ሙላዚሙ ሊነሳ።

«ቁጭ በል፣ ልጄ። እሳቸው ሌባ ናቸው። ኤልያብን የገደለው ግን ሌላ ነው።» ወይዘሮ ሸዋአለም የሟቹን ጫማዎች አነሡ። «ኤልያብ የተነገረውን አደረገ፤ ብሬከሩን አጠፋ፣ የግራ ጫማውን ሣጥኑ ላይ ሰቀለ። ለዚህ ነው የግራ እግሩ ጭቃ፣ የግራ ጫማው ግን ደረቅ የሆነው። ሽቦውን በእጁ የያዘው ኃይል እንደሌለበት አውቆ ነው። ሰፈሩ ውስጥ መብራት መጣ፤ ይህ ግቢ ብቻ ጨለማ። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ አበራው።»

ተነሥተው ወደ ሣጥኑ ሄዱ፤ ብሬከሩን አጠፉ፤ ጫማዋን ምስማሩ ላይ ሰቀሏት። ማቀዝቀዣው አጓርቶ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጠብታው ብቻ ነበር።

«ያበራው ሰው አስከሬኑን ወደ ውስጥ አስገባ። ጫማዋንም ከዚህ አውርዶ ከጓደኛዋ ጋር አስተካክሎ አስቀመጠ። ለምን? ተሰቅላ ብትገኝ ‹ተከልክሎ ሳለ ማን አበራው› ስለሚባል። ለአቶ ፍስሐ ይቺ ጫማ ጫማ ናት፤ ትርጉሟን አያውቁም፣ አይነኳትም። የሚያውቀው የግቢው ሰው ነው። ሉጥፊያ አል-ጣኢፍ ነበረች። የቀረው አንድ ነው። በለጠ፣ ባትሪዎችህን የት ሞላሃቸው?»

በለጠ ቦርሳውን ወደ ደረቱ ሳበው።

«ቀትር ላይ በሙሉ ሞተዋል አልከኝ። መግሪብ ላይ ሳትቀመጥ ወጣሁ አልከኝ። ማዮ መብራት የለም። ግን ዒሻ ካለፈ በኋላ ደርሰህ ሙሉ ጭፈራ ቀርጸሃል።»

ሉጥፊያ ማስተርጎሟን ተወች።

«ረስቶት ነው ብዬ ነው» አለ በለጠ በመጨረሻ። «ሁልጊዜ ይረሳው የለ? እናንተም ታውቃላችሁ። ጎረቤቱ ሁሉ በርቷል፣ ሙሽራ እየጠበቀች ነው፣ ጫማው ተንጠልጥሏል። ‹ይሄ ልጅ ደግሞ› አልኩና ሳቅኩ። ስቄ ነው ያበራሁት። ባትሪዎቹን ሰካሁ። ከዚያ ጠራሁት፤ ዝም አለ። ወጥቼ ሳይ...»

«እሱስ ለሙላዚሙም ይገባዋል» አሉ ወይዘሮ ሸዋአለም ለስለስ ብለው። «ስህተት ነው። ብትጮህ ኖሮ ሰው ይሰበሰብ ነበር። አንተ ግን መሲ ላይ እንዲዞር አድርገህ አሰናዳኸው።»

«ስለ መሲ አላሰብኩም። ማሽኑ ነው ቢባል ማንም አይጠየቅም ብዬ ነው። ማሽን ይታሰራል እንዴ?»

«ጠዋት ሙላዚሙ ክንዷን ሲይዛትስ?»

መሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ በለጠን አየችው።

«ባትሪ ለመሙላት ጊዜ ይወስዳል» አለች ቀስ ብላ። «እሱን አስገብተህ፣ አስተኝተህ፣ ገመዱን እጁ ላይ አድርገህ፤ ከዚያ አጠገቡ ተቀምጠህ ባትሪ እስኪሞላ ጠበቅክ?»

«ሰርግ ነበረ፣ መሲ» አለ በለጠ፤ እንዳለውም የገዛ ቃሉ ጆሮው ውስጥ ገባና ፊቱ ፈራረሰ። ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ሙላዚሙ የቀረውን ሻይ ደፋው። በለጠን ሲወስደው ክንዱን መያዝ አላስፈለገውም። በሽቦው ስርቆት አብረው የተያዙት አቶ ፍስሐ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ መሄድ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ፤ እንደሚፈታ ተነገራቸው። ሙላዚሙ ለወይዘሮ ሸዋአለም «ዋስትናዎ ወርዷል» አላቸው፤ እሳቸው ግን መሲን አቅፈው ስለነበር የሰሙት አልመሰለም።

መግሪብ ሲደርስ የሰፈሩ መስኮቶች አንድ በአንድ በሩ። ከአጥሩ ማዶ ማራገቢያዎች ተነሡ፤ አንድ ሬዲዮ ስለ ሽግግሩ ያወራ ጀመር። ግቢው ውስጥ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ተጭኗል። ሉጥፊያ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወደ ሣጥኑ አየች፤ መሲም አየች። ሽቦ የሚነካ ሰው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። የኤልያብ ጫማ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥላለች።

ሦስቱ ሴቶች በጨለማው ተቀመጡ፤ ያበራ ሰው የለም።